ቦሊቪያን ከቤት ሳይወጡ

ቦሊቪያ የባሕር በር የላትም፤ ባሕር ኃይል ግን አላት። መርከበኞቿ የሚቀዝፉት ከባሕር ወለል 3,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በሚገኘው የቲቲካካ ሐይቅና በአማዞን ገባር ወንዞች ላይ ነው። ይህን የሰማ የአሥር ዓመት ልጅ «ታዲያ ባሕር ከሌላት ባሕር ኃይል ምን ያደርግላታል?» ማለቱ አይቀርም። በአሜሪካ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች «የአገር ጥናት» የሚሉት የጂኦግራፊ ትምህርት ሲቀናው የሚነሳው ከእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

አሠራሩ ብዙም አይከብድም። ቤተሰቡ አንድ አገር ይመርጥና አንድ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዱም ወር ሙሉ፣ እዚያው ይሰነብታል። ልጁ በባዶ ካርታ ላይ ድንበሩን፣ ወንዞቹንና ከተሞቹን ያሰፍራል፤ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ይዋሳል፤ የአገሩን ተረት ይሰማል፤ አንድ ምግብ አብሮ ይሠራል፤ ለየአገሩ ደብተር ይይዛል። ትንንሾቹ ከወረቀት የተሠራ ፓስፖርት ይዘው አገር በጨረሱ ቁጥር ማኅተም ያስመታሉ። ብዙ ቤተሰቦች የሚከተሉት አንድ ልማድ ደግሞ ሻርሎት ሜሰን (1842–1923) ከተባለች እንግሊዛዊት መምህርት የመጣ ነው። ልጁ ምዕራፉን አንድ ጊዜ ብቻ ያነባል ወይም ይሰማል፤ ከዚያ መጽሐፉ ተዘግቶ በራሱ አንደበት ይተርካል። ያልገባው ነገር ትረካው መሀል ላይ ሲደናቀፍ ስለሚታይ እናትየው ፈተና ማውጣት አያስፈልጋትም።

ችግሩ የሚመጣው ሁሉንም አገር ላዳርስ ሲባል ነው። የተባበሩት መንግሥታት 193 አባል አገሮች አሉት። የትምህርት ዓመቱ 36 ሳምንት ቢሆንና በየሳምንቱ አንድ አገር ቢጠና ለመጨረስ ከአምስት ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ይሮጣሉ፤ የሚሮጥ ሰው ደግሞ የሚይዘው ባንዲራ፣ ዋና ከተማና አንድ ምግብ ነው። እኛ በልጅነታችን የአገርና የዋና ከተማ ዝርዝር በቃላችን ከምንወጣው በምን ይሻላል? ምግቡ ተጨመረ እንጂ። በኔ ግምት በዓመት ስምንት ወይም አሥር አገር በደንብ ያየ ልጅ ማኅተም ከሞላው ፓስፖርት ባለቤት ይበልጣል።

በደንብ ማየት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ወደ ባሕር ኃይሉ እንመለስ። ጥያቄው ልጁን እ.ኤ.አ. ወደ 1879 ይወስደዋል። ያኔ ቦሊቪያ በፓስፊክ ዳር የአታካማ በረሃ ቁራሽ ነበራት። በረሃው ውስጥ ለማዳበሪያና ለፈንጂ የሚፈለግ ናይትሬት ነበር። በናይትሬቱ ቀረጥ የተነሳ ጠብ ከቺሊ ጋር ጦር አማዘዘ፤ ቦሊቪያም የባሕር ዳርቻዋን አጣች። በ1904 የተፈረመው ውል ይህንኑ አጸና፤ ቺሊም በበኩሏ ከአሪካ ወደብ እስከ ላ ፓዝ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ቃል ገባች። ቦሊቪያ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ማርች 23 የባሕር ቀን ታከብራለች። ጉዳዩ ዘ ሄግ ድረስ ሄዶ በ2018 የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ቺሊ የመደራደር ግዴታ የለባትም ብሎ ወስኗል። ኤርትራ በ1993 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ ወደብ አልባ ስለሆነችው ኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ሲወራ የሚሰማ ልጅ ይህን ታሪክ ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል።

ካርታ ማንበብም እንዲሁ በእጅ የሚሠራ ነገር ነው። ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ካርታ ብዙ ጊዜ የመርካተር ነው፤ በ1569 ለመርከበኞች አቅጣጫ እንዲያመች የተሠራ። በዚህ ካርታ ላይ ግሪንላንድ አፍሪካን ታክላለች። ልጁ በስስ ወረቀት ግሪንላንድን ከሉሉ ላይ ይገልብጣት፣ በመቀስ ይቁረጣትና አፍሪካ ላይ ያስቀምጣት። 2.17 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናትና በስፋት ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ እንኳ ታንሳለች። አፍሪካ አሥራ አራት ግሪንላንድ ይበቃታል። ሉሉ አሮጌ ከሆነም እሰየው፦ ደቡብ ሱዳን ከሌለችበት ከ2011 በፊት፣ ኤርትራም ከሌለችበት ከ1993 በፊት የተሠራ ነው። ልጆች ይህን እንደ ወንጀል ምርመራ ነው የሚያዩት።

ሕጉን በተመለከተ፣ ቤት ማስተማር በ50ውም የአሜሪካ ስቴቶች ይፈቀዳል፤ ቁጥጥሩ ግን እንደየስቴቱ ነው። ቴክሳስ ፈተና እንኳ አትጠይቅም። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ቨርጂኒያ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 የሐሳብ ማሳወቂያ፣ ዓመቱ ሲያልቅም ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ትፈልጋለች። ሜሪላንድ ውስጥ ማኅበራዊ ሳይንስ ከግዴታ ትምህርቶች አንዱ ስለሆነ የአገር ጥናቱ ደብተር ለገምጋሚው ሲቀርብ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ጀርመን ያለ ዘመድ ግን ይህን አንብቦ እንዳይነሳሳ፤ እዚያ ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ግዴታ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቦሊቪያ ሌላም በር ትከፍታለች። በአንዲስ ተራሮች አገሩን ሞቃት ምድር፣ ለዘብተኛ ምድር፣ ቀዝቃዛ ምድር ብለው በከፍታ ይከፍሉታል፤ ከኛ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ጋር አንድ ነው። ከላ ፓዝ ተነስቶ ወደ ዩንጋስ ሸለቆዎች በመኪና የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከድንችና ከኪኑዋ አገር ወጥቶ ቡናና ኮካ ከሚበቅልበት ይገባል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሄዱ አባይ በረሃን የወረዱ አያት ስልክ ላይ ካሉ ይህን ከመጽሐፉ አሳምረው ያስረዳሉ፤ ልብሱ የት ላይ እንደሚወልቅ ጭምር።

ከዚያ ልጁ ከፍታዎቹን የሚያወዳድርበት ሥዕል ይመጣል። አንድ ሴንቲ ሜትር ለ500 ሜትር ይያዝ። ላ ፓዝ (3,640 ሜትር) የባሕር ወለል ከሆነው ከታችኛው መስመር ሰባት ሴንቲ ሜትር አልፋ ትቆማለች፤ ደብረ ብርሃን ስድስት ሊሞላት ጥቂት ይቀራታል፤ አዲስ አበባ አምስት አትሞላም፤ ዋሽንግተን ከመስመሩ እምብዛም አትነሳም። ውኃ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ገደማ ቀድሞ ይፈላል። ስለዚህ ላ ፓዝ ላይ 88 ዲግሪ አካባቢ ይንተከተካል፤ ድንቹ ግን ቶሎ አይበስልም። የተራራው ገበሬም ድንቹን ሌሊት ለውርጭ ያሰጣዋል፣ በእግሩ ረግጦ ውኃውን ያወጣዋል፣ በፀሐይ ያደርቀውና ቹኞ የሚባል ለዓመታት የሚቀመጥ ስንቅ ያደርገዋል። ልጁ በዚሁ ስሌት የአዲስ አበባውን አስልቶ 92 ላይ ሲደርስ መልሶ ለአያቱ ይደውል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ንፍሮ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መልስ አላቸው።