ከመርሳ ሜዳ እስከ ደጋው አናት፦ የሰሜን ወሎ የሩጫ መንገዶች

የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ወልዲያ ከአዲስ አበባ 521 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ በተራሮች ተከባ ትገኛለች። ከእሷ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ሲሉ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ትመጣለች፤ ከፍታዋ 1,600 ሜትር ገደማ ሲሆን ማንጎና ብርቱካን የሚያፈራ ሞቃታማ ሜዳ ላይ ናት። ከሁለቱም ከተሞች ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ የሚዘልቅ ደጋ ያያል። አስፋልቱ፣ ኮሮኮንቹ፣ የእግር መንገዱና የመሮጫ መሙ ሁሉ በዚህ የከፍታ ልዩነት ውስጥ ይገኛሉ። አንድ ሯጭ ለልምምድ የሚሻው ነገር በዚህ መጠን ተቀራርቦ የሚገኝበት ቦታ ብዙ አይደለም።

የመሬቱን አቀማመጥ የሠራው የስምጥ ሸለቆ ነው። የደጋው ምሥራቃዊ ጠርዝ ወደ አፋር ሲሰምጥ ሁሉም ክፍል እኩል አልወረደም። በተራራው ግርጌ ረባዳ ሜዳዎች ተፈጠሩ፤ ምሥራቃቸውን ደግሞ ዝቅ ያለ የኮረብታ ሰንሰለት ዘጋቸው። ሐይቅ፣ መርሳና ቆቦ ከደቡብ ወደ ሰሜን በተደረደሩት በእነዚህ ረባዳ ቦታዎች ላይ ያሉ ናቸው። ስለዚህ በሜዳዎቹ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብም ሆነ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሮጥ ሰው ብዙ ዳገት አይገጥመውም፤ ፊቱን ወደ ምዕራብ ካዞረ ግን ወዲያው መውጣት ይጀምራል።

መንገድ ለመምረጥ ከፍታ ሰውነትን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ይጠቅማል። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር መርሳ ላይ ያለው የኦክስጅን ግፊት 82 በመቶ፣ ወልዲያ ላይ 78 በመቶ፣ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ 70 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነትም የጎደለውን ለማካካስ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆኑትን ቀይ የደም ሴሎች ያበዛል። ችግሩ ከፍታ ላይ በሙሉ ፍጥነት መለማመድ አለመቻሉ ነው፤ እግር ሳይደክም ትንፋሽ ቀድሞ ያልቃል።

ቤንጃሚን ሌቪንና ጄምስ ስትሬይ-ጉንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት 39 ሯጮችን ከፋፍለው ለአራት ሳምንታት አሠልጥነው ነበር። 2,500 ሜትር ላይ እያደሩ 1,250 ሜትር ላይ የተለማመዱት የ5,000 ሜትር ሰዓታቸውን በአማካይ በ13 ሰከንድ ያህል አሻሻሉ። ከፍታ ላይ አድረው እዚያው የተለማመዱት ግን ቀይ የደም ሴላቸው ቢጨምርም እንዲህ ያለ መሻሻል አላሳዩም። ከፍ ብሎ ማደርና ዝቅ ብሎ መሮጥ የአሠልጣኞች የተለመደ ምክር እየሆነ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

የአዲስ አበባ ሯጮች ይህን በልምድ ያውቁታል። ለጫካና ለዳገት ሩጫ እንጦጦ ይወጣሉ፣ ለፍጥነት ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ ለዚህም ገና ሳይነጋ ተነሥተው መኪና ይሳፈራሉ። ወልዲያ የሚኖር ሯጭ ሚኒባስ ይዞ መርሳ ሲወርድ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ወደ ምዕራብ ካቀና ደግሞ በዚያው ቀን ወደ 3,000 ሜትር መጠጋት ይችላል።

አሁን ወደ መንገዶቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ከወልዲያ በሲሪንቃ በኩል መርሳ የሚያደርሰው አስፋልት ነው። ሲሪንቃ በግብርና ምርምር ማዕከሉ የሚታወቅ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለ የሀብሩ ቦታ ነው። መንገዱ በጠቅላላው ወደ ደቡብ እየወረደ ስለሚሄድ ለረጅም ሩጫ ምቹ ነው፤ በተለይ ለማራቶን የሚዘጋጅ ሰው 30 ኪሎ ሜትሩን አንድ ጊዜ ሮጦ በመኪና ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን ይህ ደሴን ከመቀሌ የሚያገናኘው ዋና መንገድ ስለሆነ ከባድ መኪና ይበዛበታል። ሯጭ በግራ በኩል፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያየ ይሩጥ፤ ረፈድ ካለም ከአስፋልቱ ይውረድ።

ሁለተኛው ኮሮኮንቹ ነው። ከመርሳ ግራና ወደሚባለው ቦታ የሚገባው ዓይነት የገጠር መንገድ ለዕለት ተዕለት ልምምድ ከአስፋልት ይሻላል፤ ጠጠሩና አፈሩ የእግርን ምት ያለዝባሉ። ዝናብ ሲጥል ግን ጠባዩ ይለወጣል። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ጫማ ላይ ይለጠፋል፣ በየእርምጃው ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ያንሸራትታል። እንዲህ ባለ ቀን ፍጥነትን ትቶ በልብ ምት ልክ ዝግ ብሎ መሮጥ ይሻላል።

ሦስተኛው ዳገቱ ነው። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወልዲያ–ወረታ መንገድ ከወልዲያ ተነሥቶ በሳንቃና በድልብ በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰውና አህያ ሲመላለሱበት የኖሩ አቋራጮች አሉ፤ መኪናው ዞሮ የሚወጣውን እነሱ ቀጥ ብለው ይወጡታል። በዓለም የተራራ ሩጫ ውድድሮች ከ5 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት 1,000 ሜትር ከፍታ የሚወጣበት ራሱን የቻለ ዘርፍ አለ። ከወልዲያ እስከ ደጋው አናት ያለው ልዩነትም ከዚህ ብዙ የሚያንስ አይደለም።

ከመውጣቱ ይልቅ ሰው የሚጎዳው በመውረዱ ነው። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም ሕመሙ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ስለዚህ እርምጃን ማሳጠር፣ ጉልበትን በመጠኑ ማጠፍ፣ ወደ ኋላ አለማዘንበል ያስፈልጋል። ዓይን ደግሞ ከሦስት አራት እርምጃ ወደፊት ያለውን ድንጋይ ይመልከት፤ እግር ሥር ያለውን ለማየት ጊዜው አልፏል።

አራተኛው መሙ ነው። በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የወልዲያው ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ከእግር ኳስ ሌላ ለአትሌቲክስም ታስቦ የተሠራ ነው። ለፍጥነት ልምምድ የተለካ ርቀት ግድ ስለሆነ መም ያለው ከተማ ዕድለኛ ነው።

ከዚህ አልፎ መሄድ ለሚሻ መቄት አለ። በጋሸና ከተማ ዙሪያ ባለው በዚህ ደጋ ተስፋ የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በገበሬዎች የሚተዳደሩ የእንግዳ ማረፊያዎችን ከገደሉ አፋፍ ላይ አቋቁሟል። እንግዳው በአገሩ ሰው እየተመራ፣ ጓዙ በአህያ ተጭኖ፣ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል። የዓለም ሯጮች በየዓመቱ የሚጎርፉበት፣ በአልፕስ ተራሮች የሞን ብላን ዙሪያ የሚካሄደው 170 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውድድር ከፍተኛ ቦታው ከ2,500 ሜትር ብዙም አይዘልም። የመቄት ሰው ግን የሚያርሰው ከዚያ በላይ ባለ መሬት ላይ ነው።

በእነዚህ መንገዶች ለመሮጥ ጥቂት ነገሮችን ማክበር ይገባል። ሰብል በቆመበት ወራት ድንበሩን ይዞ መሮጥ ይገባል፤ ማሳ ማቋረጥ ነውር ነው። ቁልቁል እየሮጡ ሰው ሲያጋጥም ዝግ ብሎ ሰላምታ መስጠት ይገባል፤ ሳይጣራ የሚሮጥ ሰው የደረሰበትን ሁሉ ያስደነግጣል። ክረምት ላይ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ታች ፀሐይ ባለበት ሰዓት ደራሽ ውሃ ሆኖ ይመጣልና የወንዝ ሸለቆ ውስጥ አይቆዩ። መርሳ ላይ ከረፋድ በኋላ ሙቀቱ ስለሚበረታ ልምምድ በጠዋት ይለቅ። አካባቢው ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት የተፈራረቀበት ስለሆነ ከመውጣትዎ በፊት የአገሩን ሰው የዕለቱን ሁኔታ ይጠይቁ፤ ከተለመደው መንገድ አይውጡ፣ ምሽግ የነበረ ቦታ አይግቡ፣ ወድቆ ያገኙትን ብረት አይንኩ።

የሰሜን ወሎ መንገዶች አዲስ ግንባታ አይሹም፤ ተማሪውና ገበያተኛው ሲረግጧቸው ኖረዋል። የጎደላቸው መለካትና መታወቅ ነው። የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶችና የስፖርት መምህራን በየከተማው ዙሪያ የ5 እና የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ መርጠው ቢለኩ፣ በየኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ላይ ቀለም ቢቀቡ፣ ከፍታውን ጽፈው ትምህርት ቤት ቢለጥፉ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህ ከተደረገ የመርሳና የወልዲያ ልጅ ልምምድ ለመጀመር አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልገውም።