የማያነበው ዲስኩ ነው ወይስ ማሽኑ?

አንድ ተማሪ ማንበብ ሲያቅተው «ሰነፍ ነው» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ዓይኑ በደንብ ያያል ወይ? የተሰጠው ጽሑፍስ ይነበባል ወይ? ብለን መጠየቅ ይገባናል። ማሽንም እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበውን ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒውተርና 1541 የሚባለውን የዲስክ ማንበቢያውን እንውሰድ። የቆየ ዕቃ ወዳዶች ዛሬም እየጠገኑ ይሠሩበታል።

ዲስኩ 5 ኢንች ከሩብ ሲሆን 170 ኪሎባይት ያህል ይይዛል። በደቂቃ 300 ጊዜ ሲዞር፣ የቴፕ ሪከርደር ዓይነት ሄድ በ35 ክብ መስመሮች ላይ እየተመላለሰ ያነባል፣ ይጽፋል። ታዲያ «አላነብም» ሲል ከየት እንጀምር?

አንደኛ፣ ከቀላሉ። አረንጓዴው መብራት ካልበራ ኤሌክትሪክ አልደረሰውምና ስፒናውንና ፊውዙን እንይ። ማሽኑ ሲከፈት ቀዩ መብራት ለአፍታ በርቶ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ከቀረና ሞተሩም አልቆም ካለ፣ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን የውስጡ ሰርኪዩት ነው። ትእዛዝ ከሰጠን በኋላ ቀዩ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ማሽኑ ስሕተት ማግኘቱን እየነገረን ነው።

ሁለተኛ፣ ሌላ ዲስክ እንሞክር። ሌላው ከተነበበ ማሽኑ ከደሙ ንጹሕ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ሻጋታ የያዘ ዲስክ አናስገባ፤ ሄዱን ያቆሽሸዋል፣ የቆሸሸው ሄድ ደግሞ ቀጥሎ የሚገባውን ደኅና ዲስክ ይፍቃል።

ሦስተኛ፣ ሁሉም እምቢ ካሉ ሄዱን በንጹሕ አልኮል በራሰ ጥጥ በቀስታ ጠርገን እስኪደርቅ እንጠብቅ። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ይኸው ነው።

አራተኛ፣ ፍጥነቱን እንመርምር። ሞተሩ ዲስኩን የሚያዞረው በጎማ ቺንጋ ስለሆነ፣ ቺንጋው ሲያረጅ ይላላል፣ ፍጥነቱም ይዛባል።

አምስተኛውና አሳሳቢው የሄዱ ከቦታው መንሸራተት ነው። ማሽኑ የመጀመሪያውን መስመር የሚያውቅበት ጠቋሚ የለውም። ስለዚህ መነሻውን ሲፈልግ ሄዱን ወደ ኋላ እየጎተተ ከማቆሚያው ጋር ያጋጨዋል። ያ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ግጭቱ ሲደጋገም ሄዱ ቦታውን ይስታል። ያን ጊዜ ማሽኑ ራሱ የጻፈውን ያነባል፣ የሌላውን ግን አያነብም፤ ልክ የገዛ እጅ ጽሑፉን ብቻ እንደሚያነብ ተማሪ!

እዚህ ላይ ቸኩሎ ሄዱን ማስተካከል አደጋ አለው። ማሽኑ ተዛብቶ ሳለ የጻፋቸው ዲስኮች፣ ሄዱ ከተቃና በኋላ ላይነበቡ ይችላሉ። የዓመታት ሥራ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያ እነዚያን ዲስኮች በዚያው በተዛባው ማሽን አንብበን ይዘታቸውን ሌላ ዘንድ እናስቀምጥ፤ ማቃናቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለን። የ1541 የኤሌክትሪክ ኃይል ክፍል በራሱ ሣጥን ውስጥ ነው። ስለሆነም ስፒናው ሳይነቀል ካቻቪቴ አይነሣ! ገመዶቹንም የምንሰካውና የምንነቅለው ሁለቱም ማሽኖች ከጠፉ በኋላ ይሁን።

እንግዲህ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥን እንሂድ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከለወጥን ማሽኑ ቢድንም የትኛው እንዳዳነው አናውቅም፤ ለሌላውም ማስተማር አንችልም።