የመኪና አደጋ፣ ካሳ እና ጠበቃ

በኢትዮጵያ ሕግ አንድ የመኪና አደጋ ሁለት መዝገብ ይከፍታል። አንደኛው የወንጀል መዝገብ ነው፤ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ፣ ተከሳሹ አሽከርካሪው፣ የሚጠየቀውም ቅጣት ነው። ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር መዝገብ ነው፤ ከሳሹ ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ፣ ተከሳሾቹ የመኪናው ባለቤት፣ አሽከርካሪውና መድን ሰጪው፣ የሚጠየቀውም ካሳ ነው። በየቡና ቤቱና በየሆስፒታሉ ደጃፍ የሚሰጠው ማብራሪያ ሁለቱን ስለሚያምታታ ስንቱ ተጎጂ መብቱን ሳያውቅ ቀርቷል። «ትራፊኩ ጥፋቱ ያንተ ነው ካለህ አለቀ»፣ «ሹፌሩ በነፃ ከተለቀቀ ካሳ የለም»፣ «ኢንሹራንስ አለው፤ እሱ ይጨርሰዋል» የሚሉት ምክሮች ሦስቱም ስሕተት ናቸው። የትራፊክ ፖሊስ አስተያየት ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 ደግሞ የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት በተሰጠ የነፃ መባል ውሳኔ እንደማይገደድ በግልጽ ይናገራል። መድኑም የሚከፍለው እስከ ጣሪያው ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ሰው ነው። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል። አሽከርካሪ የተጎዳን ሰው ጥሎ ቢሄድ ከአደጋው የተለየ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል። በሕዝቡ ቁጣ ምክንያት ለሕይወቱ የሚያሰጋው ከሆነ በቀጥታ ቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ቀጥሎ ፕላን ይነሳል። የትራፊክ ፖሊሱ የመንገዱን ስፋት፣ የመኪኖቹን አቋቋም፣ ፍሬን የተያዘበትን የጎማ ምልክትና ሰው የወደቀበትን ስፍራ ለክቶ የሚስለው ይህ ወረቀት በኋላ በሁለቱም መዝገቦች ላይ ይቀርባል። ሰው ለማዳን ካልሆነ በቀር ፕላን ሳይነሳ መኪና ማንቀሳቀስ የነገሩን አሻራ ማጥፋት ነው። ልኬቱ ትክክል ካልመሰለ ተቃውሞው እዚያው፣ ከመፈረም በፊት መነሳት አለበት። ፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶ ያንሳ፦ ታርጋውን፣ የተሰባበረውን መስታወት፣ የጎማውን ምልክት፣ የመንገዱን መብራትና ሊብሬውን። የምስክር ስምና ስልክ ወዲያው ይመዝገብ። ጎዳናው ዳር የተቀመጠው ሊስትሮ ወይም ባለ ሱቁ ከማንም በተሻለ አይቶ ይሆናል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን እሱን ማግኘት ከባድ ነው።

ሐኪም ቤት ውስጥ የሚጻፈው ካርድ የካሳው መሠረት ነው። ተጎጂው የሚሰማውን ሕመም ሁሉ፣ ትንሽ የመሰለውንም ጭምር፣ ለሐኪሙ ይናገር። ቆይቶ የተባባሰ የወገብ ሕመም በመጀመሪያው ቀን ካርድ ላይ ካልሰፈረ ከአደጋው የመጣ ስለመሆኑ ክርክር ይነሳል። የመድኃኒት፣ የራጅና የትራንስፖርት ደረሰኝ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ።

ከሕክምናው ቀጥሎ የሚነሳው መድን ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ይመራል። አዋጁ ሲወጣ ለሞትም ሆነ ለአካል ጉዳት የሚከፈለው ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር። ወሰኑ በደንብ ሊሻሻል ስለሚችል አደጋው በደረሰበት ቀን በሥራ ላይ የነበረውን መመልከት ይገባል። የገጨው መኪና አምልጦ ያልታወቀ ወይም መድን የሌለው ሲሆን ተጎጂው የሚያመለክተው አዋጁ ወዳቋቋመው የመድን ፈንድ ነው። ይህን መንገድ የሚያውቁት ጥቂቶች መሆናቸው ያስቆጫል። መድን የገባው ባለ መኪና በበኩሉ በንግድ ሕጉ መሠረት አደጋውን በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማሳወቅ አለበት።

ባጭሩ፦ ሰው ይታከም፣ ፖሊስ ይጠራ፣ ፕላን ይነሳ፣ ፎቶና ምስክር ይያዝ፣ ካርድና ደረሰኝ ይጠበቅ፣ መድን ሰጪው ይወቅ።

ወጊው በሬ

የካሳ ሕጉን ለመረዳት ከሁሉ የሚሻለው ወጊ በሬን ማሰብ ነው። በሬው ገበያ መሀል ገብቶ ሰው ቢወጋ ባለቤቱ «እኔ አልወጋሁም፤ እረኛውም ተጠንቅቆ ነበር» ብሎ አያመልጥም። ቀንድ ያለውን ሀብት ሰው መሀል ያስገባው፣ በሬው አርሶ የሚያስገኘውን እህል የሚበላው እሱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንስሳን፣ ሕንፃንና ተሽከርካሪን ከቁጥር 2071 ጀምሮ ተከታትለው በሚመጡ አንቀጾች ማስፈሩ ይህንኑ አስተሳሰብ ያሳያል። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ጥፋት አለመፈጸሙን ማስረዳቱ አያድነውም።

እረኛው ሹፌሩ ነው፤ በጌታው ሥራ ላይ ሳለ ለደረሰው ጉዳት እሱ በግሉ የሚጠየቀው ጥፋት ሲኖርበት ነው። በሬው ተሰርቆ ሳለ ቢወጋ ባለቤቱ አይጠየቅም፤ ስርቆቱን የማስረዳት ሸክም ግን የእሱ ነው። በሬውን ለራሱ ጥቅም የያዘ ሰው በእጁ ሳለ እንደ ባለቤት ይጠየቃል፤ ቁጥር 2082 ስለ መኪና የሚለው ይህንኑ ነው። ሁለት በሬዎች ተዋግተው ቢጎዳዱ ማን እንደ ጀመረ ካልታወቀ ጉዳቱ እኩል ይከፈላል፤ በቁጥር 2084 መሠረትም የተጋጩ ሁለት መኪኖች ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፤ አደጋው በሙሉም ሆነ በአብዛኛው ከአንዱ ሹፌር ጥፋት መምጣቱ ሲረጋገጥ ግን ግምቱ ይፈርሳል። የበሬውን ጅራት የጎተተ ሰው ቢወጋ ካሳው ይቀነሳል ወይም ይቀራል፤ ባለ መኪናም ከስርቆት ሌላ ያለው መከላከያ የተጎጂው ጥፋት ብቻ ነው። መድኑ ደግሞ በሬ ያላቸው ሁሉ ለሚወጋው ሰው ማሳከሚያ አስቀድመው የሚያዋጡት ገንዘብ ነው። ሊብሬው በበሬው ላይ የተተኮሰው ምልክት ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው። ዓመታዊው ምርመራና ቦሎው ቀንዱ እየታየ የሚቆረጥበት ቀን ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን በሬውና መኪናው ይለያያሉ። የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት የሚወጣበት መንገድ በሕጉ አለ። ባለ መኪና ግን «ይኸው አይሱዙው፤ ውሰዱት» ብሎ ነፃ አይወጣም። በውለታ የተሳፈረ ሰውም ጉዳይ ለብቻው ይታያል፤ ባለ መኪናው ያለ ምንም ጥቅም የጫነው ሰው ካሳ ለማግኘት ጥፋት ማስረዳት ይጠበቅበታል። በክፍያ የተሳፈረ መንገደኛ ከአጓጓዡ ጋር ውል ስላለው ጥያቄው በንግድ ሕጉ የማጓጓዝ ክፍል ይታያል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ትልቅ ጣጣ አለ። መኪና በውክልና እየተሸጠ ስመ ሀብቱ ሳይዛወር ዓመታት ይነዳል። አደጋ ሲደርስ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው «ሸጬዋለሁ»፣ የያዘው ሰው ደግሞ «ስሙ የእኔ አይደለም» ይላል። ተጎጂው ከመክሰሱ በፊት የባለቤትነት መረጃውን ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ማውጣት፣ እንደ ነገሩም ሁለቱን አጣምሮ መክሰስ ይሻለዋል። መኪና የሸጠ ሰው ደግሞ ስመ ሀብት ሳያዛውር አንድ ቀን ማደር የለበትም።

ካሳው እንዴት ይሰላል?

መርሑ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2091 የተቀመጠ ነው፤ ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። ለሕክምና የወጣው፣ የተቋረጠው ገቢ፣ ወደፊት መድረሱ የማይቀረው ጉዳትም ይቆጠራል። ቋሚ የአካል ጉዳት ሲኖር የሐኪም ቦርድ ጉዳቱን በመቶኛ ይወስናል፤ ፍርድ ቤቱም ከዕድሜና ከገቢ ጋር ያገናዝበዋል። መጠኑን በትክክል ማስረዳት ሳይቻል ሲቀር ዳኛው በርትዕ ይወስናል። ተጎጂው ከሞተ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ የተቋረጠባቸውን መተዳደሪያ በራሳቸው ስም ይጠይቃሉ።

የኅሊና ጉዳት ካሳ ግን ሊታለፍ የማይገባው የሕጉ ነውር ነው። በቁጥር 2116 መሠረት ልጁን ላጣ አባት፣ እግሯ ለተቆረጠ ሴት ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳያልፍ ተገድቧል። ፈረንሳዊው ምሁር ረኔ ዴቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ገደማ ይመነዘር ነበር፤ 1,000 ብር 400 ዶላር ያህል ነበረ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ያው 1,000 ብር 10 ዶላር አይሞላም። ይህን ጣሪያ የሚደግፉ ሰዎች «ሐዘን በገንዘብ አይተመንም» ይላሉ። ክርክሩ ውሃ አይቋጥርም። ሕጉ ራሱ ለሐዘን ካሳ እንደሚገባ ተቀብሏል፤ ከተቀበለ በኋላ ለቀብር ድንኳን ኪራይ የማይበቃ ገንዘብ መወሰን ተጎጂውን በፍርድ ቤት ስም ማዋረድ ነው። ጣሪያው መነሳት ወይም ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ የሚሻሻል መሆን አለበት። እስከዚያው ድረስ አስተዋይ ጠበቃ ጉልበቱን የሚያውለው የቁስ ጉዳቱን አሟልቶ በማስረዳት ላይ ነው፤ ሕጉ ጣሪያ ያላበጀው እዚያ ነውና።

ሽምግልናና ፊርማ

ሽምግልና መልካም ባህል ነው፤ የሚያሰጋው በጥድፊያ የሚፈረም ውል ነው። በቁጥር 3312 መሠረት የዕርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ የሌለው ፍርድ ያህል ኃይል አለው። በጥብቅና ሥራ ካጋጠሙ ጉዳዮች አንዱን ማንሳት ይበቃል። በሚኒባስ የተገጨች ጉሊት ነጋዴ ገና አልጋ ላይ ሳለች ሽማግሌዎች መጥተው የሕክምናዋ ወጪ ተከፍሎ ለማገገሚያ ጥቂት ገንዘብ ተጨመረላት፤ እሷም በአውራ ጣቷ ፈረመች። ቆይቶ እግሯ ውስጥ የገባው ብረት አመርቅዞ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አስፈለጋት። ጠበቃ ዘንድ ይዛው የመጣችው ወረቀት መጨረሻ ላይ «ከእንግዲህ በዚህ አደጋ ምክንያት ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» ይል ነበር። ያች አንዲት መስመር የሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና ወጪ በሴትየዋ ላይ ጣለችው። ስለዚህ የጉዳቱ መጠን በሐኪም ሳይታወቅ የመጨረሻ ዕርቅ አይፈረም፤ ለአስቸኳይ ወጪ የሚሰጥ ገንዘብም «ከካሳው የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ። ሰው የሞተበት ወንጀል ደግሞ ቤተሰብ ስለታረቀ አይቀርም፤ ዕርቁ ቅጣት ማቅለያ ሊሆን ይችላል፤ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው።

ጠበቃ መቼና እንዴት?

የተጨፈለቀ ፓራውልት ጠበቃ አያስፈልገውም፤ የመድን ድርጅቱ ቅጽና የጋራዥ ዋጋ ማቅረቢያ ይበቃል። ሞት ወይም ቋሚ የአካል ጉዳት ሲኖር፣ ጥፋቱ ሲያከራክር፣ ባለቤቱ ሲጠፋ ወይም መድን ሰጪው ሲያጓትት ግን ያለ ጠበቃ መሄድ ትልቅ ኪሳራ ነው። በሆስፒታልና በፍርድ ቤት ደጃፍ «እኔ ጉዳይህን አስጨርሳለሁ» የሚል ደላላ ጠበቃ አይደለም።

የፌዴራል ጥብቅና በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ይመራል። በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቆም ጠበቃ የፌዴራል ፈቃድ፣ በክልል ፍርድ ቤት የሚቆም የክልሉን ፈቃድ ይዞ መገኘት አለበት። ፈቃዱን እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር የለውም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያው በቁርጥ ነው ወይስ ከሚገኘው ገንዘብ በመቶኛ፣ የዳኝነት ክፍያውን ማን ይሸፍናል፣ ሥራው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያበቃል ወይስ ይግባኝንና አፈጻጸምን ይጨምራል የሚሉት ተለይተው ይጻፉ። አፈጻጸም ያልተጠቀሰበት ውል ፍርድ አስገኝቶ ገንዘብ ሳያስገኝ ሊያበቃ ይችላል።

ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ ይሰጣል። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ጥንቃቄ ይላላል። የመክሰስና የመከራከር ሥልጣን መስጠት አንድ ነገር ነው፤ የመታረቅና ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን ሌላ። ለዕርቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ባለጉዳዩ ይህን ሥልጣን ሳያነብ መፈረም የለበትም፤ የተፈረደው ገንዘብም በራሱ ስም እንዲከፈል ቢያደርግ ይመረጣል።

አቅም የሌለው ሰው በር አልተዘጋበትም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍሉ መክሰስን ይፈቅዳል። ጠበቆች ነፃ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ሞግዚቱ ይከሳል።

ጊዜ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። አደጋው በወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ካሳውም በዚያ ጊዜ ይገዛል፤ በዚህ ተስፋ አድርጎ መቆየት ግን ጉዳይን ለክርክር ማጋለጥ ነው። የወንጀሉ ውሳኔ እስኪሰጥ እየተጠበቀ የካሳው ክስ ሲዘገይ ብዙ መዝገብ በይርጋ ተዘግቷል። የካሳ ጥያቄ ከወንጀሉ ክስ ጋር ተጣምሮ ሊቀርብ ይችላል፤ ካልተጣመረም ለብቻው መቅረብ አለበት። ተጎጂው ከአደጋው ቀን ጀምሮ 2 ዓመቱን ይቁጠር፤ ክሱንም ከዚያ በፊት ይክፈት።