ቆመው አውሮፕላን የሚያሳርፉ

ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን፣ ሂትሮው። «ንግሥተ ሳባ» የተባለችው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር አውሮፕላን ተሳፋሪዎቿን አራግፋ ባዶዋን ቆማለች። ከሰዓት በኋላ በመቆጣጠሪያው ማማ ላይ ያለ ሠራተኛ ጭስ ሲወጣባት አየና የአደጋ ደወሉን ነካ። የአየር ማረፊያው እሳት አደጋ መኪኖች ፈጥነው ደርሰው ውሃና አረፋ ረጩባት።

ወደ ውስጥ የገቡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግን ያገኙት ጭስ እንጂ እሳት አልነበረም። ወደ ጭራዋ በተጠጉ ቁጥር ጭሱ ወፈረ፤ እሳቱ ከኮርኒሱ በላይ ተደብቋል። በእጅ በሚያዝ ማጥፊያ በቀዳዳ ሞከሩት፤ አልሆነም። ኮርኒሱን በጉልበት ፈንቅለው በውሃ ጎማ አጠፉት። የብሪታንያ መርማሪዎች እንደደረሱበት፣ እሳቱ የተነሣው አውሮፕላን ሲከሰከስ ያለበትን ቦታ ከሚጠቁመው መሣሪያ ባትሪ ነው። አደጋ እንዲናገር የተሠራው ዕቃ ራሱ አደጋ አመጣ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሂትሮው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተዘግቶ ነበር። ንግሥተ ሳባ መንገድ ዘግታ አይደለም፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ እሷ ዘንድ ስለተያዙ ነው፤ ያለ እነሱ ጥበቃ አውሮፕላን አያርፍም። በሌላው ቀን ተሳፋሪ በመስኮት ሲያያቸው ሥራ የፈቱ ይመስሉታል፤ እሱን በሰላም የሚያሳርፈው ግን ያው ሥራ ፈትተው መቆማቸው ነው።

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት አየር ማረፊያዎች በእሳት መከላከል አቅማቸው ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጣቸዋል። መለኪያው የአውሮፕላኑ ርዝመትና የሆዱ ስፋት ነው። ኤርባስ ኤ380 በርዝመቱ 9ኛ ደረጃ ላይ ይቀር ነበር፤ ስፋቱ ከ7 ሜትር ስለሚያልፍ 10ኛ ውስጥ ገባ። ለዚህ ደረጃ ቢያንስ ሦስት መኪና ያስፈልጋል።

መኪኖቹ ወደ የትኛውም የመንደርደሪያ ጫፍ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለባቸው፤ የሚመከረው ግን ሁለት ነው። ትልልቆቹ ውሃቸውን ሁሉ ተሸክመው በ40 ሴኮንድ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት ላይ እንዲደርሱ ይጠበቃል። ችኮላው ያለምክንያት አይደለም። የአውሮፕላን አምራች ተሳፋሪው ሁሉ በግማሾቹ በሮች ብቻ በ90 ሴኮንድ መውጣት እንደሚችል ማሳየት አለበት። ከሥር የፈሰሰ ነዳጅ ከተቀጣጠለ ግን የብዙ አውሮፕላኖችን ቀጭን የአሉሚኒየም ቆዳ ለመብሳት ብዙ አይፈጅበትም። ስለዚህ የእሳት አደጋው ሰው የመጀመሪያ ሥራ እሳቱን ጨርሶ ማጥፋት ሳይሆን ሰው ከሚወርድባቸው በሮች ማራቅ ነው። ተሳፋሪውን የሚያስወጡት አስተናጋጆቹ ናቸው፤ እሱ መንገዱን ይጠብቅላቸዋል።

ለምን አረፋ? ዘይት ሲቀጣጠል ውሃ የደፋበት ሰው መልሱን ያውቀዋል። የአውሮፕላን ነዳጅም ውሃ ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳል። አረፋው ግን ከላይ እንደ ጋቢ ተከናንቦበት አየር ይነሣዋል፤ ተኑንም ያፍነዋል። በእሳት አደጋ መኪናው ጣሪያ ላይ ያለው መርጫ መኪናው ሳይቆም ይሠራል፤ ቆሞ ለመጀመር ጊዜ የለማ።

ንግሥተ ሳባ ተጠግና ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ከሂትሮው ተነሣች።