ችግኝ ከመትከል በፊት የአፈሩ ጨው ይመርመር

በመስኖ በሚለሙ ቆላማ አካባቢዎች ብዙ የተደከመባቸው ችግኞች ቅጠላቸው ከጫፉ እየተቃጠለ፣ ዕድገታቸውም እየቀነጨረ ሲደርቁ ይታያል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በውኃ እጥረት ይሳበባል። ይሁን እንጂ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ችግኙ የሚጠወልግ ከሆነ ጨው መኖሩን መጠርጠር ይገባል።

ጨው በአፈር ውስጥ ሲበዛ ሥሩ ውኃውን ስቦ ለመውሰድ ይቸገራል። ከዚህም ሌላ ሶዲየምና ክሎራይድ የተባሉት የጨው ክፍሎች ወደ ቅጠሉ ዘልቀው ያቃጥሉታል። የትልቅ ዛፍ ሥር ወደ ጥልቅ ስለሚወርድ ችግሩን በተሻለ ሁኔታ ሊቋቋም ይችላል። የለጋው ችግኝ ሥር ግን የሚገኘው ውኃው በፀሐይ ተንኖ ጨው በሚከማችበት በላይኛው አፈር ነው።

በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሳዲ የደረሰው ሁኔታ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በቂ ማጠንፈፊያ ሳይኖር ብዙ የመስኖ ውኃ በመለቀቁ የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ ወጣ፤ ጨውንም ይዞ መጣ። ጥጥና ሙዝ ይመረትበት ከነበረው መሬት ከፊሉ ከእርሻ ውጭ ሆነ።

ስለሆነም የማኅበር መሪዎች የተከላ ቦታ ከመምረጣቸው በፊት በበጋ ወራት መሬቱ ላይ ነጭ ቅርፊት መታየት አለመታየቱን ሊያጣሩ ይገባል። እስከ 2 ሜትር አስቆፍረው ውኃ መውጣት አለመውጣቱን ቢመለከቱ፣ የአፈር ናሙናም በልማት ሠራተኛው በኩል ወደ ላቦራቶሪ ቢልኩ ይጠቀማሉ። ውጤቱ በሜትር ከ4 ዴሲሲመንስ በላይ ከሆነ አፈሩ ጨዋማ ይባላል።

እንዲህ ባለው መሬት ላይ በቅድሚያ የማጠንፈፊያ ቦይ ይቆፈራል፤ ከዚያም ንጹሕ ውኃ በብዛት ለቅቆ ጨዉን ከሥር በታች ማጠብ ይቻላል። ቦይ ሳይኖር ውኃ መጨመር ችግሩን ያባብሳል። ጨው በመደቡ አናት ላይ ስለሚጠራቀም ችግኙ በመደቡ ጎን ቢተከልና ዙሪያው በገለባ ቢጎዘጎዝ ይመረጣል።

የዛፉ ዓይነትም ይታሰብበት። ተምር ጨውን በሚገባ ሲቋቋም ብርቱካንና አቮካዶ ቶሎ ይጎዳሉ። ጨው መቻሉ ብቻ ግን በቂ መመዘኛ አይደለም፤ ፕሮሶፒስ ጨውንም ድርቅንም ቢቋቋም በአፋር የግጦሽ መሬትን ወርሮ አርብቶ አደሩን ለችግር ዳርጓል።

የአንድ ማኅበር የተከላ ሥራ የሚመዘነው በጸደቀው ችግኝ ብዛት ነው። በመሆኑም የአካፋና የቁፋሮው ጉልበት ለተከላ ከመዋሉ በፊት ከፊሉ ለምርመራና ለማጠንፈፊያ ቦይ ቢመደብ የአባላቱ ድካም ፍሬ ያገኛል።