ስለ ንብና ስለ አንበጣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ የመጥምቁ የዮሐንስ ምግብ አንበጣና የበረሃ ማር እንደ ነበረ ወንጌላዊው ማቴዎስ ጽፎልናል። አንበጣ ስለ ተባለው ትርጓሜው ብዙ ነውና እርሱን ለመምህራን እንተወው። የዛሬው ነገራችን ማር ሠሪዋ ንብና አንበጣው ሁለቱም በማኅበር ሲኖሩ ማኅበራቸው ስለ ምን እንደ ተለያየ ነው።

የበረሃ አንበጣ አስቀድሞ ብቸኛ ነው። ዝናም ዘንቦ ሣር ሲበዛ ይራባል፤ ሣሩ ሲያልቅ በቀረችው ጥቂት ልምላሜ ላይ ይጨናነቃል፤ የኋላ እግሮቹ በጎረቤቶቹ ደጋግመው ሲነኩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጠባዩ ተለውጦ የሸሸውን ወገኑን መከተል ይጀምራል። ሊቃውንት ብቸኛውንና መንጋውን ሁለት ልዩ ልዩ ዘር አድርገው ይቆጥሩ ነበርና፥ የአንበጣ ጠባይ እንዲህ የሚለዋወጥ መሆኑን ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለው ተመራማሪ በ1921 እ.ኤ.አ. ገለጠ። ከዚህም የሚያስደነግጠው፥ ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ ተሰልፎ ወደ ፊት የሚገሠግሠው ከኋላው ያለው ወንድሙ እንዳይበላው ፈርቶ ጭምር መሆኑ ነው። ሰልፍ ነው፤ ፍቅር ግን የለበትም። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፍረው መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን ሲደርስ፥ እያንዳንዱ በየቀኑ የክብደቱን ያህል፥ 2 ግራም የሚሆን፥ ይበላል።

ንብ ግን ከአበባ የቀሰመችውን ይዛ ስትመለስ ለእኅቷ ከአፍ ወደ አፍ ታቀብላለች። በሥራ ወራት ዕድሜዋ ስድስት ሳምንት ያህል ነው፤ በዚያ ሁሉ ድካም የምታስገኘው ማር አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም አብዛኛውን አትቀምሰውም። በመቅደስ የምናበራው ጧፍ ሰሙ ከሆዷ ሥር የወጣ ነው።

በ2012 ዓ.ም. መንጋው በአገራችን ብዙ ሰብል ባጠፋ ጊዜ መድኃኒት ከአውሮፕላን ተረጨ። መርጨቱን አንነቅፍም፤ የገበሬው የዓመት ልፋት ሲበላ ዝም ብሎ ማየት አይገባምና። ዳሩ ግን ብዙው መድኃኒት አንበጣውን ከንቡ አይለይም። ስለዚህ ርጭት ይደረጋል ሲባል ቀፎአችሁን አርቃችሁ አኑሩ፤ ባይቻል ማታ ንቡ ከገባ በኋላ አየር በሚያሳልፍ እርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ቀፎ የሌለውም ሰው ወሬውን እንደ ሰማ፥ ቀፎ ላለው ጎረቤቱ ሳይመሽ ያድርስለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።