ፊታቸውን የሸፈኑት እናት

ባለፈው ዓመት በረመዳን አጋማሽ በመስጂዳችን ግቢ ዱቄት፣ ዘይትና ቴምር ስናከፋፍል የአንዲት እናት ተራ ደረሰ። ዱቄቱን እንደተቀበሉ ከወጣቶቻችን አንዱ ስልኩን አወጣ። እሳቸው በአንድ እጃቸው ዱቄቱን እንዳቀፉ በሌላው ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ልጁ «እማማ፣ አንዴ ብቻ ቀና ይበሉልኝ» አላቸው። እኛም አጠገባቸው ቆመን ነበር፤ ዝም አልን። ለለጋሾች ማሳያ ያስፈልጋል ብለን ነበር።

የዚያን ዕለት ተራዊሕ ስናሰግድ ያ ሻሽ ከዓይናችን አልጠፋም።

በዐረብኛ «ሸሂደ» የሚለው ግሥ መሰከረ ማለትም ነው፣ በቦታው ተገኘ ማለትም ነው። «ሸሃዳ» የምንለው ከዚያው የወጣ ነው። በሱረቱል በቀራ ወሩ ሲገባ የተገኘ ሰው እንዲጾም የታዘዘውም በዚሁ ግሥ ነው። በልጅነታችን ይህን ስንቀራ የነሕው ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር። ያን ዕለት ግን እናቲቱ ዘንድ ቆመን ሳለ አልተገኘንም።

ቢላል በመካ ትኩስ አሸዋ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ሲሰቃይ ያየው አቡበክር ብቻ አልነበረም። አቡበክር ግን አይቶ አላለፈም፤ ገዝቶ ነጻ አወጣው።

በሀገራችንም ያለው ታሪክ ይኸው ነው። በ615 እ.ኤ.አ. መሰደድ የጀመሩትን ሶሐቦች ለማስመለስ የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ሲመጡ፣ ነጃሺ ስደተኞቹን ሳይሰማ አሳልፎ አልሰጠም። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ የደረሰባቸውን ነገረው፤ ከሱረቱ መርየምም ቀራለት። ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ ማልቀሱን የሲራ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። አልቅሶም አልቀረ፤ ስጦታውን መልሶ ስደተኞቹን አስጠለለ።

ለጋሽ ገንዘቡ የት እንደገባ ማወቅ አለበት ይባላል። ልክ ነው። ለዚያ ግን ደረሰኝና የጆንያው ፎቶ ይበቃል። ቁርኣን ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ የከለከለው ሰጪውን እንጂ ተቀባዩን አይደለም።

ዘንድሮ ዕቃውን ከዐስር ሰላት በኋላ በየቤቱ እናደርሳለን፤ ስልክ አይወጣም። እኚያ እናት ዘንድ ስንደርስ ተቀብለው አልሸኙንም፤ «ግቡ እንጂ» አሉን። ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ሟች ባለቤታቸው ሲያወጉን መግሪብ ደረሰ። ይዘንላቸው የሄድነውን ቴምር ከፈቱና አብረን አፈጠርን።